ስለት ይዘን በአውሮፕላን

ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣ ሁሉ ሱሪውን ረስቶ «እስቲ የቁልቢውን ነገር ንገረን» ይለኛል። መካነ ሰላም ገበያ ዳር ባለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ይህን ጉዞ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት አላህ ነው የሚያውቀው። ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ሥራዬም ተበደለ። ስለዚህ ደብተር ላይ ጽፌ ከማሽኑ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ማንበብ የሚችል ያንብብ፣ የማይችል ልጁን ያስነብብ፣ እኔን ግን ተዉኝ ልስፋበት።

ነገሩን ለማያውቅ ከሥሩ ልጀምር። ሰይድ እባላለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አብሮ አደጌ አስናቀ በሰንጢ ጎኔን ወጋኝ። ጠላትነት አልነበረንም። ሱሪ ሊያስተካክል መጥቶ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ሸንኮራ ይልጣል። ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ ደግሞ ቀሚስ ልታሰፋ ገብታ ተቀምጣለች። እኔ ምላሴ አርፎ አይቀመጥ፣ «ይህን ሱሪ ከማሳጥር አንተኑ ባስረዝምህ አይሻልም?» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ቀጠልኩበት። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ሸንኮራው መሬት ሲወድቅ ነው።

የአስናቀ እናት እማማ ደብሬ ናቸው። የእኛንና የእሳቸውን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው፤ እሱም ከወደቀ ቆይቷል። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳሉ። «ሰይድ ከሞት ከተረፈልኝ፣ ያንን ሰንጢ በገዛ እጄ ይዤ፣ እሱንም በእግሩ አስከትዬ እመጣለሁ» ብለው። ተረፍኩ፤ አልሐምዱሊላህ። አስናቀ ግን በዚያው ቀን ጠፍቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ጅዳ ገባ። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ቤቴ መጥተዋል። ዳኛውም «እናንተ ከታረቃችሁ የእኛው ይቀላል» ብሏል። ከእኔ የሚፈለገው አንዲት ቃል ናት፤ «ይግባ» ማለት። እኔ «ይግባ» ካላልኩ አስናቀ መካነ ሰላምን አይረግጥም፣ እናቱንም አያይም። ሦስቱንም ጊዜ ዝም አልኩ። ቁስሉ ድኗል፤ እልሁ ነው ያልዳነው።

እማማ ደብሬ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው እስከ ቁልቢ በአውቶቡስ አይሆንላቸውም። የአውሮፕላን ትኬቱን ለሁለታችንም አስናቀ ከጅዳ ላከ። «ደግሞ በወጋኝ ሰው ትኬት ልብረር?» ብዬ አባቴ ፊት ጮህኩ። አባቴ ከመስገጃቸው ሳይነሡ «የጎረቤት ሐቅ ነው። ትሄዳለህ» አሉኝ። በዚሁ አለቀ።

ከመነሣታችን በፊት ሰንጢ አውሮፕላን ላይ ይገባ እንደሆነ ጠየቅሁ። ከቤሩት የተመለሰች ጎረቤታችን «ኧረ በአላህ! የእኔን የጥፍር መቁረጫ እንኳ ወስደውብኛል» አለች። ከሪያድ የመጣ አንድ ደንበኛዬ ደግሞ «ከጣት ካልረዘመ ዞር ብለው አያዩህም፤ እኔ ብርቱካን እየላጥኩ ነው የመጣሁት» አለ። የቀበሌው ጸሐፊ ከሁለቱም ተለየና «የሚታጠፍ ከሆነ መሣሪያ አይባልም» አለ። ሦስቱም ምለው ነው የነገሩኝ። እኔም አውሮፕላንን ሰማይ ላይ እንጂ መሬት ላይ አይቼው የማላውቀው ሰውዬ፣ እንደ አዋቂ ሆኜ እማማ ደብሬን መከርኳቸው። «ምንም አይቀባጥሩ። የጠየቁዎትን ብቻ በእውነት ይመልሱ።» ያመጣሁትን ጣጣ ኋላ ታያላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ ደረስን። እማማ ደብሬ ሁለት ጋቢ ደርበው፣ አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ሰንጢው እዚያ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። ረዳቱ «እማማ ደረትዎን ያምዎታል እንዴ?» ብሎ ከፊት ወንበር ሰጣቸው። እኔን ከኋላ ጎማው ላይ አስቀመጠኝና መንገዱ ደሴ እስክንገባ አጥንቴን ሲቆጥረው ዋለ።

የእኛን መንገድ ታውቁታላችሁ፤ አልገልጸውም። አቀስታን አልፈን ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ሳለ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ትርፍ ጎማውንም ትናንት አፈንድቶት ኖሮ ሌላ መኪና ቆሞ እስኪያውሰን ሦስት ሰዓት ገተረን። ከመንገዱ በላይ ካለው ጎጆ አንዲት ሴት በሰፌድ የባቄላ አሹቅ ይዛ ወረደች። ማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ አላለችም። «ብርድ ነው፣ ቅመሱ» ብላ ለሁሉም አዳረሰችና ሰፌዷን አራግፋ ተመለሰች። እኛ ሰፈር መኪና ቢበላሽ መጀመሪያ የምንወጣው ለማየት ነው። እኔ ራሴ መቀሴን እንደያዝኩ እወጣለሁ።

ደሴ ስንገባ መሽቷል። ያረፍንበት ቤት ባለቤት እማማ ደብሬ ደረጃውን በአንድ እግር ሲወጡ አይታ «የላዩን ተዉት፣ የእኔን ክፍል ይውሰዱ» አለች። እሷ ሳሎን ተኛች። የገና ጾም ስለነበር ለእሳቸው ሽሮ አመጣች። ለእኔ «ለማይጾም ያስቀመጥኩት ሥጋ የክርስቲያን ነው፣ ምን ላድርግህ?» ብላ ተጨነቀችና ከአንድ ትሪ ሽሮውን አብረን በላነው። እማማ ደብሬ ቀኑን ሙሉ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዶሮዎቻቸው፣ ስለ እኔ እናት ነፍሷን ይማርና አወሩልኝ። ስለ አስናቀ አንድ ቃል አላነሡም። እኔም አሁን ያነሡታል፣ አሁን ያነሡታል እያልኩ መልሴን ሳዘጋጅ ራሴን አመመኝ።

ሁለተኛው ቀን

በጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ደሴ ያንቀጠቀጠን ሰዎች ኮምቦልቻ ላይ ላብ አጠመቀን። አውሮፕላኗ ከሩቅ ስትታይ ትንሽ ናት፤ የእኛን አውቶቡስ ጎን ለጎን ቢያቆሟት ሾፌራችን የሚንቃት ይመስለኛል።

ፍተሻው ላይ ሥራ ከጀመረ ብዙ ያልቆየ የሚመስል ወጣት ጠባቂ ቆሟል። በትሕትና ዝቅ ብሎ «እማማ፣ ስለት ይዘዋል?» አላቸው።

«አዎን የእኔ ልጅ፣ ይዣለሁ።»

ልጁ ቀጥ አለ። «ስንት?»

«ሁለት ነው።»

«ሁለት! የት ነው ያለው?»

«አንዱ ከደረቴ ነው። አንዱ ይኸው ከኋላዬ ቆሟል።»

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ማንም ሳያዘኝ ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣሁ።

«ከደረትዎ ያለውን ያውጡት» አለ ልጁ፤ ድምፁ ቀጠነ።

«ወግድ! ለእሱ ያልኩትን ላንተ ላወጣልህ?»

«ለማን ነው ያሉት?»

«ለገብርኤል ነዋ!»

«ገብርኤል ማነው? አብሯችሁ ነው?»

«እሱስ መቼ ተለይቶን ያውቃል።»

ሌላኛው ጠባቂ የተሳፋሪ ስም ዝርዝር አውጥቶ መፈለግ ጀመረ። ገብሬ የሚባል አንድ ምስኪን መምህር ከሰልፉ ወጥቶ ለብቻው ቆመ። በመጨረሻ ከኋላችን ያለች ሴትዮ «ኧረ እናንተ ሰዎች! ቁልቢ የሚገባ ስለት ነው የሚሉት!» ብላ ስትጮህ ጠባቂው በእጁ ፊቱን ጠረገ። ሳቁም አመለጠው። «እንዲያ ነው እንዴ! ይለፉ እማማ፣ ስለትዎ ይስመር» አለ። ልናልፍ አንድ እርምጃ ቀርቶናል። ልጁ ጨዋታ ወዶ «ግን ምንድን ነው የተሳሉት? ጃንጥላ ነው?» አለ።

የጠየቁዎትን ብቻ በእውነት ይመልሱ ብዬ መክሬያቸዋለሁ።

«ሰንጢ» አሉ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ጨርቁ ተፈታ፣ ሰንጢው ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ጠባቂዎቹም እንደ መካነ ሰላም ሰዎች ሦስት ዓይነት ሕግ አወጡ። አንዱ የሚታጠፍ ይገባል አለ፤ አንዱ በፍጹም አይገባም አለ፤ አንዱ ርዝመቱ ይታይ አለ። ማስመሪያ ተፈልጎ ጠፋ። እኔ ደግሞ እጄ ልማዱ ነው፣ ኪሴ ገብቶ የስፌት ሜትሬን አወጣ፤ ከሜትሩ ጋር የክር መቁረጫ መቀሴ ተንጠልጥሎ መጣ። «አንተም!» አሉኝ። መቀሴን ወሰዱ፣ ሜትሩን መለሱልኝና ለካሁ። ዘጠኝ ሳንቲም። ሰንጢውን ሳየው ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። የቀንድ እጀታ ያለው፣ ጫፉ ትንሽ የተሸረፈ ተራ ሰንጢ። ይህ ሁሉ ገብቶብኝ ነው ወይስ ግማሹ እያልኩ ከሜትሩ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

አለቃቸው ሸበት ያለ ሰው ነው። መጣና ነገሩን ከእማማ ደብሬ ሰማ፤ ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራስ አየኝ። «የተወጋው ይህ ነው?» አለ። «እሱ ነው፣ ተመስገን» አሉ። ሌላ አልጠየቀም። ፖስታ አስመጣ፣ ሰንጢውን አሸገ፣ ላዩ ላይ የዕቃው ዓይነት በሚለው ቦታ «ስለት» ብሎ ጻፈና ለሆስተሷ ሰጣት። «አዲስ አበባ ከደረጃው ሥር ትሰጥዎታለች። እጄ ላይ ቢጠፋ እኔንም ገብርኤል ይጠይቀኝ» አላቸው። እማማ ደብሬ ከእጃቸው መውጣቱ ከንክኗቸዋል፤ ሆስተሷ ከፊታቸው ፖስታውን ይዛ ስለተቀመጠች ግን እሺ አሉ።

አውሮፕላኗ ስትነሣ ፋቲሓ ቀራሁ። እማማ ደብሬ እጄን ጨብጠው «አብሽር ሰይዴ» ይሉኛል፤ ዓይናቸውን የጨፈኑት ግን እሳቸው ናቸው። አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚፈጭበትን አገር ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ አለፍነው። ፖስታውም ከደረጃው ሥር፣ ልክ እንደተባለው፣ እጃቸው ገባ።

የድሬዳዋው በረራ በማግሥቱ ነበር። ታክሲ ስንጠይቅ ሾፌሩ ንግግራችንን ሰምቶ «ከወሎ ናችሁ እንዴ?» አለ። የለጋምቦ ልጅ ኖሯል። አልጋ ቤት አላወርድም ብሎ ቤቱ ወሰደን። ሚስቱ የምታውቀን ይመስል ገና ከበር «ምነው ዘገያችሁ?» አለችን።

ሦስተኛው ቀን

በጠዋቱ ፍተሻ ላይ ልባችን ሞልቶ ነበር የሄድነው፤ ሕጉን አውቀነዋል። ፖስታውን ዘርግቼ «ለሆስተሷ ይሰጥልን» አልኩ። ጠባቂው አገላብጦ አየውና «እዚህ በፖስታ ብሎ ነገር የለም። ስለታም ዕቃ ከታች በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ብቻ ነው» አለ።

«ትናንት እኮ...»

«ትናንትናን እኔ አላውቅም።»

እማማ ደብሬ የሰሙት «ከታች» የሚለውን ነው። «ከእጄ ወጥቶ ከሻንጣ ጋር ከተጣለ ስለቴ ፈረሰ» አሉና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ሦስት ዓመት የጠበቁት ነገር ነው። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል፤ አንዱ «ሰንጢ እዚያ ጠፍቶ ነው?» ይላል። እኔም የበረራው ሰዓት እየደረሰ፣ እኔ ባልተሳልኩት ስለት ላብ በላብ ሆኛለሁ። እውነቱን ልናገር፤ «በቃ፣ አልሆነም፣ እንመለስ» የሚል ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ብመለስ ማንም አይፈርድብኝም። «ይግባ» የሚለውም ነገር በዚያው ይቀራል።

አንዲት የፍተሻ ሠራተኛ መጥታ አጠገባቸው በርከክ አለች። «እናቴ፣ ለማን ነው የተሳሉት?»

«ለዚህ ልጅ።»

«ልጅዎ ነው?»

«ልጄ የወጋው ነው።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ከእርስዎ እጅ መውጣቱን እኔም አልወድም። ግን ከእሱ እጅ ቢገባስ? በእሱ ሻንጣ፣ እሱ ራሱ ቢያስቀምጠው?» አለች።

እማማ ደብሬ ብዙ አሰቡ። ከመካነ ሰላም ከወጣን ወዲህ እኔን አንድ ነገር የጠየቁኝ ያኔ ነው። «ሰይዴ፣ ትይዝልኛለህ?»

እጄን ዘረጋሁ። ከክር መቁረጫዬ የቀለለ ነገር ነው፤ ይኸን ያህል ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። በጨርቁ ጠቅልዬ፣ በትርፍ ሸሚዜ ደግሜ ጠቅልዬ ከሻንጣዬ ሥር አስቀመጥሁትና ቆለፍኩ። እማማ ደብሬን ሁለት ሰው ደግፎ አነሣልን። ሴትዮዋ እስከ መሣፈሪያው አብራን ሄደች።

ድሬዳዋ ከአውሮፕላኑ ስንወርድ ሙቀቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። እማማ ደብሬ አንዱን ጋቢ አወለቁ፣ ሁለተኛውን አወለቁ፣ «ይህ አገር ሰው ያበስላል» አሉ። የሁሉም ሻንጣ መጣ፤ የእኔ የለም። ሰው ተበትኖ እኛ ብቻ ቀረን። አንዱን ሠራተኛ ይዤ «ወንድሜ፣ ሌላውን ዕቃ ውሰደው፣ ከሥር በሸሚዝ የተጠቀለለ ነገር አለ፣ እሱን ብቻ ፈልግልኝ» ስል ራሴን ሰማሁት። ያንን ሰንጢ ለማግኘት ይህን ያህል የምለምነው ለምንድን ነው? እኔም ገረመኝ። ሻንጣው ቁልፉ ላልቶ ኖሮ፣ እንዳይፈታ ብሎ ሠራተኛው በገመድ አስሮ ጥላ ሥር አስቀምጦልናል። ሻይ ልጋብዝህ ስለው «እኔ ልጋብዛችሁ እንጂ፣ እንግዳ እናንተ ናችሁ» ብሎ ለስላሳ ገዛልን።

ማታ ያረፍንበት ግቢ ተቀምጠን ድፍረቱ መጣልኝ። «እማማ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ስንመጣ ይግባ በለኝ ለምን አላሉኝም?»

ጉልበታቸውን እያሹ «እኔ የተሳልኩት አንተ እንድትተርፍ ነው። ተረፍክልኝ። ከዚያ ሌላ ብጠይቅ ስግብግብ እሆናለሁ» አሉ። «አስናቀ አይናፍቅዎትም?» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም መጠየቄን ጠላሁት።

አራተኛው ቀን

በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጣን። ከላይ ስንደርስ ብርዱ መለስ አለ፤ አገሬ የገባሁ መሰለኝ፣ ገደሉም ነፋሱም የእኛው ነው። ቁልቢ ግን እንደኛ ያለ ገበያ አሥር ተሰብስቦ ነው። ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል፣ በጉልበቱ ይሄዳል፣ ልጅ አዝሎ ያለቅሳል፣ ይስቃል። ኮፍያዬን አይተው «ሙስሊም ነህ?» ያሉኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ቀጥለው ውሃ ሰጡኝ።

ቅጥሩ በር ላይ ፖሊስ ይፈትሻል። አሁን እኔ አዋቂ ነኝ፤ ሳይጠይቀኝ «ስለት ይዘናል፤ በሁለቱም ዓይነት» አልኩት። ሰውዬው የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆንን በሚያስታውቅ ፊት አንድ ዲያቆን ጠርቶ አብሮን እንዲገባ አደረገ። ስለት ከሚቀበሉት ቄስ ፊት ሰንጢውን ከሻንጣዬ አውጥቼ ለእማማ ደብሬ መለስኩላቸው። በገዛ እጃቸው ሰጡ። ቄሱ ደክሟቸዋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ጃንጥላና ምንጣፍ ሲቀበሉ ነው የዋሉት። «ሰንጢ፣ አንድ» ብለው አስጻፉ፣ ሳጥን ውስጥ ጣሉት። «ስለትሽ ይስመር። ቀጣይ!»

«ይኸው ነው?» አልኩ። አራት ቀን፣ ሁለት አውሮፕላን፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ። ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም።

እማማ ደብሬ ፊታቸው በርቷል። ጋቢያቸውንና አስናቀ የላከላቸውን ሞባይል አሸክመውኝ ሊሳለሙ ገቡ። ዛፍ ሥር ቆሜ ስጠብቃቸው ሞባይሉ ጮኸ። ዝም ልለው ነበር። አሁንም አሁንም ሲጮህ ሰው አየኝ፤ አነሣሁት።

«እማ! ደረሳችሁ? ሰይድስ ደኅና ነው? መንገዱ አልጎዳውም?»

ድምፁን ከሰማሁት ሦስት ዓመቴ ነው። «ደኅና ነኝ» አልኩ።

ከወዲያ በኩል የብረት ድምፅ ይሰማል፤ ሥራ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ሰውዬ በዐረብኛ «ያ ሰዒድ! ያ ሰዒድ!» እያለ ተጣራ። እኔም ሞኙ «አቤት!» አልኩ።

«እኔን ነው» አለ አስናቀ።

«እንዴት አንተን?»

«እዚህ ሰይድ ነው የሚሉኝ። ወረቀት ሲያወጡልኝ የሙስሊም ስም ንገረን አሉኝ። ሌላ ስም አልመጣልኝም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ስሙን ላለመጥራት ስሸሽ፣ እሱ በጠዋት በማታ በስሜ ሲጠራ፣ በስሜ አቤት ሲል ኖሯል።

«ሰማኸኝ ወይ?» አለ። «ከከፋህ እቀይረዋለሁ። ማረኝ ብቻ...»

«ስሜን እዚያ ማዶ ምን ያደርግልሃል» አልኩት። «ይዘኸው ግባ።»

«ምን? መስመሩ ይቆራረጣል፣ ምን አልክ?»

«ግባ! ግባ አልኩህ እኮ! ስንት ጊዜ ልበልህ? አገርህ ግባ!»